ግድግዳው ብቻ ስላነበበው የአመድ ማስታወቂያ

ግንቦት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር ኢንጂነር ቴዎፍሎስ ኃይለኢየሱስ፣
የኮሶ ምንጭ መንገድ ሥራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ፣ ወገቤ የሚፈቅድልኝን ያህል ዝቅ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ መስታወቱን ከፍ አድርጎ በመንደራችን የሚያልፈው ነጩ መኪናዎም ጭምር ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ ከሳሉ በስተቀር ደህና ነን። ሳሉንም ቢሆን ለምደነዋል፤ ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ ዝም ሲል እኛ ስለምንቀጥል ቤተ ክርስቲያኑ ጭር ብሎ አያውቅም።

ስሜ አስካለማርያም ወልደ ሰንበት ይባላል። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ሲሄዱ ዋናውን መንገድ ለቅቆ ቁልቁል በሚታጠፈው፣ እርስዎ እየሠሩልን ባሉት አዲስ መንገድ ዳር የምኖር የስልሳ ስምንት ዓመት ሴት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባለቤቴ በሞተ ዓመት አንድ ወረቀት አምጥተው “የዕድር ነው፣ እዚህ ጋ አትሚ” አሉኝና አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ፤ በኋላ ሲነበብ የታችኛውን ማሳዬን ለባለቤቴ ወንድም የለቀቅኩበት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ያላነበብኩት ወረቀት ላይ ጣቴን አላኖርም ብዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በቀበሌው አዳራሽ ተቀምጬ ተማርኩ። ይህን የማነሳው እንዲያዝኑልኝ አይደለም። በተጻፈ ነገር ላይ ያለኝ እምነት በአንድ ማሳ የተገዛ መሆኑን እንዲያውቁልኝ ብዬ ነው።

ጉዳዬ አንድ ነው። አሥራ አንድ ቤተሰብ ለሰኔ ያስቀመጠው የገብስና የባቄላ ዘር እርስዎ ለመንገዱ ባመጡት የፋብሪካ አመድ ተለውሷል። ያስለወስኩት እኔ ነኝ፤ እኔን ደግሞ ያደፋፈረኝ የእርስዎ ማስታወቂያ ነው። አሁን ይህ ዘር ይዘራ ወይስ ይደፋ፣ ከዘር የተረፈውስ ይበላ ወይስ ይቀበር ብሎ የሚነግረን ሰው አጥተናል። ስለዚሁ ለብቻዎ ሦስት ደብዳቤ ጽፌልዎ ነበር፤ ሦስቱም “መዝገብ ቤት ገብተዋል” ተብያለሁ። ከገቡበት ስላልወጡ፣ አራተኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ መጻፌን ድፍረት አድርገው እንዳይቆጥሩብኝ።

አንደኛ። ምስጋና ይቅደም። መንገዱ ከመምጣቱ በፊት ምጥ የያዛትን ሴት ስምንት ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ዋናው መንገድ ሁለት ሰዓት ይሄዱ ነበር፤ ዘንድሮ ሁለት ነፍሰ ጡሮቻችን በባጃጅ ሄደው፣ ሕፃን ታቅፈው በባጃጅ ተመልሰዋል። ስለዚህ መንገድ የምትጠላ አሮጊት አድርገው እንዳያዩኝ እለምናለሁ። እንዲያውም ልማቱ ቤቴ ድረስ መጥቶልኛል፤ ጠዋት አጥቤ ያሰጣሁት ነጠላ ቀትር ላይ የአመድ መልክ ይዞ ይጠብቀኛል። ከከተማው ዳር ያለ፣ ስሙን መጥራት የማያስፈልገኝ አንድ ፋብሪካ ማሞቂያውን በድንጋይ ከሰል ያነዳል አሉ። ፋብሪካው አመዱን የሚጥልበት አጥቶ፣ የእርስዎ መንገድ ደግሞ የሚሞላበት አጥቶ ሲጨነቁ፣ ሁለቱ ችግረኞች በእርስዎ ሽምግልና ተጋቡ። ጋብቻው መልካም ነው። ድንኳኑ የተተከለው ግን በእኛ ደጅ ነው፤ ሠርገኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተነሣም።

ሁለተኛ። በጥር ወር አመዱ በገልባጭ መኪና መጥቶ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ከኮሶ ምንጭ በላይ ተከመረ። “ለጥቂት ቀን ነው” ተባልን። የጥቂት ቀን ልኩን ስለማላውቅ አምስት ወር ጠብቄያለሁ። ያን ሰሞን ባለሙያዎ አቶ ኪዳነወልድ ሕዝቡን ሰብስበው ስለ መንገዱ ሲያስረዱ፣ ጎረቤቴ አሰለፈች ከኋላ ተነሥታ “ይሄ ግራጫው ነገር ምንድን ነው?” አለቻቸው።

“አመድ ነው” አሉ።

“የምን አመድ?”

“አመድ እኮ ያው አመድ ነው፣ እናቴ። እናንተ እናቶች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።”

ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ። ቁም ነገሩ ግን እውነት ተናግረዋል፤ አመድን እኛ እናውቃለን። ድስት እንፈትግበታለን፣ ጎመን ሥር እንነሰንሰዋለን፣ ዶሮ ቅማል ሲፈጃት እናንከባልልበታለን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዘር ጎተራ ስናስገባ ነቀዝ እንዳይበላው ከአመድ ጋር እናሸዋለን። እናቶቻችን እንደዚያ አድርገው ነው ከዘመን ዘመን ያደረሱት። የምድጃችን አመድ ግን ከሰሉ እየበዛ መነፋት ይፈልጋል፤ አሥራ አንድ ቤት ሲካፈለውም አይበቃም። የእርስዎ አመድ የላመ፣ የነጣ፣ የማያልቅ፣ በዚያ ላይ ደጃችን ድረስ የመጣ ነበር። “ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ” ተብለን ደግሞ ተመርቀናል።

ሦስተኛ። ያም ሆኖ በሰው ቃል ብቻ አልነካነውም። ሴቶቹ ሊወስዱ ሲነሡ “ወረቀት ሳናይ አይሆንም” ያልኩት እኔ ነኝ። በየካቲት መጀመሪያ ወረቀቱ መጣ፤ በጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ተመትቶ በቀበሌው ግድግዳ ላይ በዱቄት ሙጫ፣ ከአራት ማዕዘኑም ከመሐሉም ጥብቅ ተደርጎ ተለጠፈ። ሴቶቹ ከበቡኝና “እትዬ አስካለ፣ ምን ይላል?” አሉኝ። መነጽሬን አድርጌ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እውነቱን ለመናገር ትንሽም እየኮራሁ አነበብኩላቸው። “በመንገድ ሥራው ላይ የሚውለው አመድ በአግባቡ ከተያዘ በሰውም ሆነ በእንስሳት ላይ ጉዳት አያደርስም” ይላል። አሰለፈች ነገር ማጣራት ትወዳለችና “በአግባቡ ማለት ምን ማለት ነው?” ስትለኝ፣ እኔም በተማረ ሰው አንደበት “በንጽሕና ማለት ነው” አልኳት።

ከዚያ በኋላ በንጽሕና ያዝነው፣ ክቡር ሆይ። ወንፊት አጥበን ነፋነው፣ እጃችንን ታጥበን አሸነው፣ ጎተራውን ጠርገን አስገባነው። በስልሳ ስምንት ዓመቴ በዚህ መንደር እንደዚያ በክብር የተያዘ አመድ አላየሁም።

ከወረቀቱ ግርጌ፣ በቀኝ በኩል አንዲት ትንሽ ቀስት ነበረች። አይቻታለሁ። ፊደል ስላልሆነች ግን ጌጥ መሰለችኝና አለፍኳት። የጎልማሶች ትምህርት ላይ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ፊደል ቆጥረናል፣ አራት ነጥብና ድርብ ሰረዝ ተምረናል፤ ስለ ቀስት የነገረን የለም። ቢሮ የተጻፈ ወረቀት ጀርባም እንዳለው ያወቅሁት ከፋሲካ በኋላ ነው።

አራተኛ። በሚያዝያ ማብቂያ የጣለው ዝናብ ከነፋስ ጋር ሆኖ ግድግዳውን ሲደበድበው ዋለና ሙጫው ለቀቀ። የቀበሌው ጥበቃ ወልደተንሣኤ ወረቀቱን ከጭቃ አንሥቶ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። “እትዬ፣ በዚህ በኩልም ጽሑፍ አለበት። ልጣለው ወይስ ይፈለጋል?” አለኝ። ተቀብዬ ጭቃውን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩና በሩ ላይ እንደቆምኩ አነበብኩት። “አመዱ ከእህል፣ ከዘርና ከእንስሳት መኖ ጋር በምንም ሁኔታ እንዳይቀላቀል” ይላል። “ከመጠጥ ውኃ ምንጭ ከመቶ ሜትር ባነሰ ርቀት እንዳይከማች” ይላል። ክምሩ በሸራ ይሸፈን፣ መንገድ ሲገባ በሲሚንቶ ይታሰር፣ ባዶ እጅ አይንካው፣ አርሴኒክና ሌሎች ከባድ ብረቶች ሊኖሩበት ይችላሉ ይላል። በአግባቡ ማለት ይህ ኖሯል።

አርሴኒክ የሚለውን ቃል ስለማላውቀው ትምህርት ቤት ሄጄ የሳይንሱን መምህር ጠየቅኳቸው። “ከየት አምጥተሽው ነው?” አሉኝ፤ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁና “መርዝ ነው፣ እማማ፤ ምን ያህል እንዳለበት ግን ሳይመረመር አይታወቅም” አሉኝ። ከክምሩ እስከ ምንጩ ያለውን ደግሞ በራሴ እግር ለካሁት። በአሮጊት እርምጃ ሠላሳ አራት ነው።

ለቁጠባ ሲባል ወረቀቱ በሁለት በኩል መታተሙን አደንቃለሁ፤ መንግሥት መቆጠብ አለበት። ያን የሚያህል ቁም ነገር ግን ሦስት ወር ሙሉ ሲነገረው የኖረው ግድግዳው ብቻ ነው። ግድግዳውም፣ ያላመሰገንኩት እንደሆነ ኃጢአት ይሆንብኛል፣ ትእዛዙን አንድ በአንድ ፈጽሟል። ዘር አልለወሰም፣ ወደ ምንጭ አልተጠጋም፣ አመዱንም በባዶ እጁ አልነካም። በእኛ ቀበሌ ከማስታወቂያዎ የተጠቀመ ነዋሪ ቢቆጠር እርሱ ነው።

አምስተኛ። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ደብረ ብርሃን ድረስ ይዤ መጣሁ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ በማግስቱም ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ስብሰባው በመልካም እንዳለቀ ተስፋ አደርጋለሁ። አቶ ኪዳነወልድ ግን በትሕትና ተቀብለው ወንበር ሰጡኝ። ጉዳዩን ነገርኳቸው፤ “እማማ፣ ተለጥፏል እኮ” አሉኝ።

“በጀርባው ተለጥፏል፣ ልጄ።”

“ያም ቢሆን ተለጥፏል። ደግሞስ ዘር ላይ አድርጉት ያላችሁ ማን ነው?”

ልክ ናቸው፤ ያለን የለም። አታድርጉት የተባለውም ግድግዳው ስለነበረ ዝም ብሏል። ሲሸኙኝ “ለወደፊቱ ይስተካከላል” አሉኝ። ለወደፊቱ የሚስተካከለው ለማን እንደሆነ ሳልጠይቃቸው ወጣሁ፤ የጠዋቱ ሚኒባስ አምልጦኝ በኋለኛው ቆሜ ስለመጣሁ እግሬ አብጦ ነበር፤ ሲያብጥ ደግሞ ልቦናዬም አብሮ ይደክማል።

ስድስተኛ። ስለ ምንጩ ብዙ አልልም። ዝናብ ሲመጣ ከክምሩ ሥር ግራጫ ውኃ ይወርዳል፤ ሴቶች አሁን ከላይኛው ጉድጓድ ለመቅዳት አንድ ሰዓት ይጨምራሉ። ምንጩ ተበክሏል አልልም፤ ያልመረመርኩትን አልናገርም። አልተበከለም የሚለኝም ሰው መርምሮ ይናገር።

አሁን ወደ አሰለፈች ልመለስና ልጨርስ። አሥሩ ቤት አንድም በሰላ ድንጋይ፣ አንድም ወዲያ በአረርቲ በኩል ዘመድ አለው፤ ተለምኖም ተበድሮም ዘር ያገኛል። አሰለፈች ግን ባል የሌላት፣ ሁለት ጥማድ መሬትና አራት ቁና ጥቁር ገብስ ያላት ሴት ናት። ገብሱ እናቷ ያቆዩላት ነው፤ በዚህ አገር ሌላ ሰው ጎተራ ውስጥ አይገኝም። ወረቀቱ ከተገለበጠ ወዲህ ዘሩን ፀሐይ ላይ አስጥታ ቀን ቀን በሰፌድ ታነፍሰዋለች። አመዱ ብን ብሎ ይሄዳል፤ ከፍሬው ስንጥቅ የገባው ግን እንደገባ ነው። አጥቢው እንዳልላት ያበቅልባታል። ጠዋት ጠዋት አጥሩ ላይ ቆማ “እትዬ፣ መጣ ወይ?” ትለኛለች፤ የእርስዎን መልስ ማለቷ ነው። “አልመጣም” እላታለሁ። አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልወጣትም። “አንቺ ምን ታደርጊ፤ ያየሽውን ነው ያነበብሽልን” ትለኛለች። በጣት አሻራዬ ማሳዬን የወሰደው ሰው እንኳ እንዲህ አላቃጠለኝም። ያኔ ማንበብ ባለመቻሌ የራሴን አጣሁ፤ አሁን በማንበቤ የሰው ዘር አበላሸሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል የተማሩ ሰው ነዎትና ይፍረዱ።

ልመናዬ እነሆ። ከዘሩ አንድ እፍኝ፣ ከአመዱ አንድ እፍኝ፣ ከምንጩ አንድ ጠርሙስ ወስደው ያስመርምሩልን፤ ደብረ ብርሃን ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ መኪናዎ ደግሞ መንገዱን ያውቀዋል። ዘሩ ይዘራ ወይም ይደፋ ብለው በፊርማዎ ይጻፉልን። ይደፋ ካሉ ዘር በዘር ይተኩልን፤ ብር አንዘራም። ክምሩን ከክረምቱ በፊት ከምንጩ ራስጌ ያንሡልን። የቀረውንም መንገድ እንደ ቀድሞው በገረጋንቲ ይሙሉልን፤ አመዱ የግድ ይግባ ከተባለ ደግሞ የእርስዎው ወረቀት በጀርባው እንደሚለው በሲሚንቶ ታስሮ፣ ከላይ ተሸፍኖ፣ ከውኃ ርቆ ይግባ። እኔ አዲስ ነገር አልጠየቅኩም። የጻፉትን እንዲያነቡልኝ ብቻ ነው የጠየቅኩት።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ሰፊ መዝገብ ቤት፣ ለመኪናዎ የማይከፈት መስኮት እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የመንገድዎ ዳር ነዋሪ፣ የማስታወቂያዎ የፊት ገጽ አንባቢ፣
የአሥራ አንድ ቤት ዘር ያስለወሰች፣

አስካለማርያም ወልደ ሰንበት
(ፊርማዬ ነው፤ የጣት አሻራ አይደለም)

በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ ዓርብ ጨርሼ ለመላክ ሰኞን ስጠብቅ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ዝናቡ ጣለ። ሰኞ ማለዳ አሰለፈች አራሽ ከነበሬው ለምና ማሳዋ ላይ ነበረች፤ እርሱ ይዘራል፣ እርሷ ቁናውን ይዛ ታቀብለዋለች። እየሮጥኩ ደርሼ “መልሱ እስኪመጣ ታገሺ እንጂ” ብላት፣ ቀና ሳትል “እትዬ፣ ይሄ እርጥበት ካለፈኝ ዓመቱን ምን ልበላ ነው?” አለችኝ። ሁለተኛውን ቁና እኔው ያዝኩላት። ስለዚህ ይዘራ ወይስ ይደፋ በሚለው ላይ መቸኮልዎ ቀርቷል፤ ተዘርቷል። አንድ ነገር ብቻ እጠይቅዎታለሁ። አሰለፈች አመዱን ዘሯ ላይ ያደረገችው እኔን አምና ነው። እኔም ያነበብኩላት እርስዎን አምኜ ነው። እርስዎ አመዱን ከምንጫችን በላይ ሲያራግፉ ማንን አምነው እንደነበረ ቢጽፉልኝ፣ ማሳዋ ድረስ ሄጄ አነብላታለሁ።